የቅዳሜ ሳል

ሰው ሁሉ እንዲያው በደመ ነፍስ ይስላል፤ ለምን እንደሚስል ዐውቆ የሚስል ግን ጥቂት ነው። ይህን ድንቁርና ከከተማችን ነቅለው ለመጣል የተነሡት፣ ውለታቸው የማይከፈል፣ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ሸውከት ቤይ ናቸው፤ “ቤይ” በእኛ በግብጾች ዘንድ የክብር መጠሪያ ነው።

ለነገሩ መነሻ የሆነው ጓደኛችን አብደልሻፊ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መዳመጫው ሥር ቆሞ የጥጥ ብናኝ ሲምግ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ቤዩ ከካይሮ ለመጡ እንግዶች ስለ ፋብሪካው ንጹሕ አየር ሲናገሩ፣ ደረቱን ይዞ ሳለ። ሳሉ ከንግግሩ ረዘመ።

ቤዩ ተቆጥተው ሠራተኛው በሙሉ እየሳለ እንዲመረመር አዘዙ። የፋብሪካው ሐኪም ዶክተር ረምሲስ የየሰዉን ሳል መነሻ መለየት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት አክታ እየጎተተ የሚያስለው የሲጋራ ሆነ። በልቶ ጋደም ሲሉ ጉሮሮ እያቃጠለ የሚነሣው የጨጓራ ሆነ። የዘበኛው ደረቅ ሳል ከደም ግፊት ክኒኑ የመጣ ነበርና ክኒኑ ሲቀየርለት ለቀቀው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሕክምና ነበር።

ከዚያ አብደልሻፊ ቀረበ።

“መቼ ይብስብሃል?” አለው ዶክተሩ።

“ቅዳሜ ነው ዶክተር። ደረቴን ጥፍር አድርጎ ያስረኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዓርብ በእረፍት ቀኔ ቤቴ ስውል ግን ደኅና ነኝ።”

“እንግዲያውስ ብናኙ ነው...”

“ቆይ እስቲ!” አሉ ምርመራውን ቆመው ይከታተሉ የነበሩት ቤዩ። “ብናኙ ሐሙስም አለ አይደል? ሐሙስስ እንዴት ነህ?”

“ሐሙስ እንኳ ሻል ይለኛል፣ ቤይ።”

“ይኸውላችሁ! ከቅዳሜ በፊት ማን አለ? ዓርብ! ዓርብ ምን ስትሠራ ዋልክ? አረፍክ! በሽታው እረፍት ነው።”

ለምርመራ የተሰበሰበው ሠራተኛ አጨበጨበ።

“ቤይ፣” አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ፣ “ከእረፍት ሲመለስ ብናኙ እንግዳ ስለሚሆንበት ነው የሚብሰው። ወደ ውጭ ሥራ ቢዛወር ይሻለዋል።”

“በሽተኛውን ከመድኃኒቱ ልትነጥለው ነው እንዴ?”

የዓርብ እረፍት ተሰረዘ፤ ሰው ሰግዶ ወደ መዳመጫው ይመለስ ጀመር። እውነትም የቅዳሜ ሳል ጠፋ።

“ተሻለህ አሉኝ፤ ታዲያ ለምን ተቀምጠህ ትተኛለህ?” አለችው የአብደልሻፊ ሚስት ሰኒያ።

“የቅዳሜው ለቆኛል። ይኼ የሁሉም ቀን ነው። ጋደም ስል ያፍነኛል።”

ቤዩ ድላቸውን ሊያሳዩ እንግዶቻቸውን መዳመጫው ድረስ አስገቡ። ንግግራቸውን ሳያጋምሱ ሳል አጣደፋቸው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ።

“አይዞዎት፣” አለ ዶክተር ረምሲስ፣ “መድኃኒቱ ውስጥ ነዎት።”

“አንተ ሰውዬ... የእኔ ሳል... የተማረ ሳል ነው! አውጡኝ!”

ቤዩ እስክንድርያ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ከርመው፣ ጉንጫቸው ሞልቶ ተመለሱ። በሰልፍ ተቀበልናቸው።

“አብደልሻፊ የታለ?” አሉ ሰልፉን ቃኝተው።

“ዐረፈ፣ ቤይ።”

ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ማን ፈቅዶለት?”