ሳይጠሩት አቤት የሚለው ሞመ

እንግዳ የሚበዛበት አገር ሁሉ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ታሪክ አዋቂ አያጣም። ዴንማርክና ጀርመን በሚዋሰኑበት ባሕር ዳር፣ ቢርተ የእንግዳ ማረፊያ በከፈተችባት መንደር፣ ማዕረጉ የክቡር ሞመ ታይሰን ነበር። የሾመው የለም፤ የሚሽረውም አልተገኘም።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው መንገደኛ መጥለፍ ሆነ። ሻንጣ የያዘ ሰው ካየ "ቆዩማ፣ ከሥሩ እንጀምር!" ይላል። ሥሩ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ መንደሮችን የዋጠው ጎርፍ ነው። ከጎርፉ ባሕሩን ወደሚገታው ግድብ፣ ከግድቡ ወደ ነገሥታቱ ይሄዳል። ሽንት ቤት የት እንደሆነ የጠየቀውን አንድ ምስኪን እስከ ሁለተኛው ንጉሥ ድረስ አቁሞታል ይባላል። ድምፁማ ጉድ ነው! ምስጢር ሲያወራ እንኳ ከድንበሩ ማዶ ያሉ በጎች ቀና ይላሉ።

ከሁሉ የተማረረችው ቢርተ ናት። መስከረም ላይ ከኦደንሰ ከተማ የመጡ ሁለት አሮጊት እህትማማቾች፣ ኤልሰና ካረን፣ ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ ሞመ ወንበር ስቦ መሀላቸው ገባ።

"ሞመ! ሰዎቹ አርፈው ይብሉበት፤ ውጣልኝ!" አለችው።

"ኧረ ስለ ባሕሩ ልነግራቸው ነው።"

"ባሕሩን በዓይናቸው ያዩታል። እባክህ፣ አንተ የሌለህበት ባሕር ይኑራቸው!"

ሞመ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እህትማማቾቹ አመሰገኗት።

ከምሳ በኋላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድቡን ተሻግረው፣ ውሃው በቀን ሁለቴ እየሸሸ የሚመለስበትን ጭቃማ ሜዳ ይዘው ሄዱ። ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ የነገራቸው የለም። የሚነግራቸውን ሰው ቢርተ አባርራዋለች።

ሰዓት ሳይሞላ ጉም ወረደ። ቢርተ የራሷን አጥር ማየት ሲያቅታት እህትማማቾቹ ትዝ አሏት። ግድቡ ላይ ወጥታ ተጣራች፤ ድምፏን ጉሙ ዋጠው። ወደ ሞመ ቤት በረረች።

"ሞመ፣ ሴቶቹ ባሕሩ ላይ ቀርተዋል!"

"ብዬሽ ነበር" አላለም። "ለነፍስ አድኖቹ ደውዪ" ብቻ ብሎ ግድቡ ላይ ወጣ፤ ደረቱንም ነፍቶ ከጎርፉ ጀመረ። ስም የሚጣራ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ የሞመ ታሪክ ግን ማለቂያ የለውም። ግድቡን ጨረሰ፣ ነገሥታቱን ያዘ። ቢርተ አጠገቡ ቆማ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "በርታ፣ እንዳታቆም!" አለችው።

የነፍስ አድኖቹ ጀልባ ገና ሳይነሳ፣ ሁለቱ እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

"ቃሉ አልተሰማንም፤ ግን አያቋርጥም። ድምፁን ይዘን መጣን" አለች ካረን እያለቀሰች።

ኤልሰ የሞመን እጅ ጨብጣ "እኛ ጋ ውሃው ጉልበት ደርሶ ነበር፤ እርስዎስ የት ደርሰው ነበር?" አለችው።

"ሦስተኛው ንጉሥ ጋ" አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ተዘጋ።

ሳምንት ሙሉ መንደሩ ጭር አለ። እንግዶች ምሳቸውን በሰላም በሉ። በስምንተኛው ቀን ቢርተ ጸጥታው አልዋጥላት ብሎ፣ የአተር ሾርባ ይዛ ሞመ ቤት ሄደች።

"አላመሰገንኩህም" አለችው። "የዚያን ቀን ባታወራ ኖሮ እኔ ዛሬ በምን ዓይኔ ሰው አይ ነበር? በል፣ ከሦስተኛው ንጉሥ በኋላ ምን ሆነ?"

ሞመ ጉሮሮውን በጣቱ አሳያት። ቀጥሎም እርሳስ አንስቶ መጻፍ ያዘ። ገጹ አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ፣ አፍሮ ቀና ብሎ አያት።

ቢርተ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ገጽ ሰጠችው።