አርባ ስምንቱ የባቄላ ቆርቆሮዎች እንዴት እንደተከፈቱ

በአራተኛው ዓመተ ሥልጣን ዘርእሰ መምህርት፣ እርሱም ዘመነ ቢጫ ቅጽ በተባለው፣ ፈተና ካለቀ በአሥረኛው ቀን፣ ኃያሉ ምክትል ርእሰ መምህር፣ ሊቀ ፈታሾች፣ ዐቃቤ በር፣ ተማሪዎች በሹክሹክታ «ፍተሻ» የሚሏቸው፣ የዘጠነኛ ክፍልን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሜዳ ካምፕ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር፤ ርእሰ መምህርቷ ከአንድ ሥልጠና ተመልሰው፣ ልጆች ከክፍል ወጥተው ሜዳ ላይ ቢያድሩ በራስ መተማመንን፣ ችግር መፍታትንና ሰው ማመንን ይማራሉ ሲባል ሰምተው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ባለ ሦስት ሣጥን ቢጫ ቅጽ አሳትመው፣ ሣጥኖቹ ሳይሞሉ ማንም እንዳይመለስ አዘው ነበርና። ከምክትሉም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ ከጦሩ ፊት ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ አዲስ ነጭ ቱታ የለበሰ የስፖርት መምህር፤ ከእርሱ ቀጥሎ አርባ ሁለት ተማሪዎች፣ ከነሱም መካከል ትራሳቸውን ያቀፉ ሰባት፣ አውቶብስ የሚያስመልሳቸው አራት፣ አልሄድም ብለው አልቅሰው በግድ የመጡ ሁለት፤ ደግሞም የምክትሉ የገዛ ልጅ፣ ስትጠጋ ጓደኞቿ ወሬ የሚቀይሩባት፤ ከሁሉም ኋላ በካርቶን የተጫነ አርባ ስምንት የባቄላ ቆርቆሮ።

በመነሻውም ጠዋት ምክትሉ በትምህርት ቤቱ በር ጠረጴዛ አስዘርግተው፣ ድምፅ ማጉያቸውን አንስተው አዋጅ ነገሩ፤ ቃሉም እንዲህ ይል ነበር። «ልጆች፣ ሰልፋችሁን ያዙና ስሙኝ። ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ጫፉ የሾለ ነገር ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የተገኘበት ልጅ ወላጁን ይዞ ይመጣል። በኋላ ብትለምኑኝ አልሰማም።» ይህንንም ብለው ኪስ እየገለበጡ፣ የጥርስ ሳሙና እየጨመቁ፣ አዳሉ እንዳይባሉ ከሁሉ አስቀድመው የገዛ ልጃቸውን ቦርሳ በሰው ፊት አራገፉ፤ እርሷም ፒጃማዋንና ካልሲዎቿን ከአስፋልቱ ላይ ለቃቅማ፣ ማንንም ሳታይ አውቶብስ ውስጥ ገባች። ምክትሉ ግን ፍትሕ ሠርቻለሁ ብለው ደስ አላቸው።

ከዚያም የባቄላው ተራ ደረሰ። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ መክፈቻውን በካርቶኑ ላይ በሲባጎ አስራ ልካው ነበር፤ ምክትሉም ባዩት ጊዜ «ስለት ስለት ነው» ብለው በእጃቸው ፈተው፣ ከቀረው ምርኮ ጋር ቢሯቸው ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ባቄላውንም የመረጡት ራሳቸው ነበሩ፤ የሚከተፍ ነገር ቢላ ይፈልጋል፣ የሚበስል ነገር እሳት ይፈልጋል፣ ቆርቆሮ ግን ምንም አይፈልግም ብለው አስበው።

ወእምዝ ሜዳው ላይ ደርሰው ሰፈሩ። አውቶብሱ በማግስቱ ሊመለስ ጥሏቸው ሄደ፤ ዳቦው ገና መንገድ ላይ አልቆ ነበር፤ የሜዳው ዘበኛም ጎጆውን ቆልፎ ገበያ ወርዶ ነበር። ልጆቹ ድንኳን ሲተክሉ፣ ሲፈርስባቸው፣ መልሰው ሲተክሉ፣ ዳገት ሲሮጡ ቆይተው ቀትር ሲሆን ማንኪያቸውን ይዘው በክብ ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ምክትሉ አንዱን ቆርቆሮ አንስተው፣ ገለባብጠው አይተው፣ ቀና ብለው አርባ ሁለት ማንኪያ አዩ።

ስለዚህ ጦርነቱ ተጀመረ። የስፖርት መምህሩ አስቀድሞ ተነሥቶ፣ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አንስቶ ቆርቆሮውን ቢመታው፣ ቆርቆሮው ጎበጠ እንጂ አልተከፈተም፤ ደግሞ ቢመታው በጎኑ ተሰንጥቆ ቀይ መረቁን በነጩ ቱታ ላይ ከአንገት እስከ ጉልበት ረጨው፤ እርሱም ቆስሎ እንደተመለሰ ጀግና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከእርሱም በኋላ ምክትሉ ራሳቸው ገጠሙ፤ የቀበቶ ዘለበታቸውን ሞከሩ፣ አልሆነም፤ የቁምሳጥኑን ቁልፍ አውጥተው በክዳኑ ጠርዝ ቢጫኑት ቁልፉ እንደ ሰም ታጠፈ። አርባ ሁለቱም ይህን አዩ። አንድም የሳቀ አልነበረም፤ ይህም ከሳቅ ይልቅ ምክትሉን አስጨነቃቸው።

በዚህን ጊዜ ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ። «ልጆች፣ ማንም ሰው ስለት ነገር ደብቆ ይዞ ከሆነ ያምጣ። ምንም አልለውም።» ማንም አልተነሣም። ምክንያቱም ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ ስልክ ይህንኑ ቃል አውጀው፣ አምነዋቸው ስልካቸውን ያመጡ ዘጠኝ ልጆች በማግስቱ ከነወላጆቻቸው ቢሮ በር ላይ ተሰልፈው ነበርና።

ምክትሉ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪን ዓይን ያነበቡ ናቸው። አዋጁ ሲነገር ዓይኖቹ ሁሉ አፍታ ወደ ድንኳኖቹ ሄደው እንደተመለሱ አዩ። ዕቃው እዚያ አለ፤ ከአንዱ ዘንድ ሳይሆን ከብዙዎቹ ዘንድ አለ። ያን ጊዜ የቀድሞው ኃይላቸው ተመለሰላቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊፈትሹ ወደ ድንኳኖቹ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ሦስተኛውን ሊራመዱ ሲሉ ልጃቸውን አዩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዚፑን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ፣ ጠዋት አስፋልት ላይ እንዳቀረቀረች ሁሉ አቀርቅራ ነበር። ምክትሉም ቆሙ። ከዚያ ዞረው ወደ ክቡ መሐል ተመለሱ።

ሦስተኛውና ታላቁ አዋጅ ይህ ነው። «ስሙኝ። በስልኩ ጊዜ ምንም አልልም ብዬ ቃሌን አጠፍኩ። ተሳስቻለሁ። የባቄላውንም መክፈቻ ከካርቶኑ ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ። የራባችሁ በእኔ ነው።» ነገር ግን የድምፅ ማጉያው ባትሪ ከአዋጁ መካከል ደክሞ፣ ከኋላ ለተቀመጡት የደረሳቸው «ተሳ» የሚለው ብቻ ነበር፤ የስፖርት መምህሩም በቅን ልቡ ከኋላ አልተሰማም ብሎ አመለከተ። ሊቀ ፈታሾችም ማጉያውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ ላባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው በባዶ ድምፃቸው ደገሙት።

ከዚያ ልጃቸው ተነሥታ፣ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ካልሲ አውጥታ፣ ፈትታ፣ መክፈቻ አወጣችና እርሷም በተራዋ አወጀች። «ይኸው። የእኛው ቤት ነው። እማዬ ናት የጠቀለለችልኝ፤ አባትሽ ቆርቆሮው በምን እንደሚከፈት አያስብም ብላ።»

ወእምድኅረ ዝንቱ የሆነውን ለመጻፍ ቀለም አይበቃም። ሠራዊቱ ሁሉ ወደ ድንኳን ገብቶ ወጣ፤ በምክትሉም እግር ሥር በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አሥራ አንድ ታጣፊ ቢላ፣ ስድስት መቀስ፣ ሌላ ሁለት መክፈቻ፣ አንድ መፍቻ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሥጋ ቢላ፣ የማን እንደሆነ እስካሁን ያልታወቀ መጋዝ ተከመረ። አልቅሰው በግድ ከመጡት አንዷ የጥፍር መቁረጫ ጣል አድርጋ በኩራት ተመለሰች። በመጨረሻም የስፖርት መምህሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከቆቡ ሥር ትንሽ ሰንጢ አውጥቶ ከክምሩ ጫፍ አኖረ፤ ቱታውን ያበላሸው ይህችን ላለማሳየት ነበር። ምክትሉም ያን ክምር እያዩ የጠዋቱን ፍተሻቸውን አሰቡና፣ ከካምፑ ሁሉ አስቀድመው ራሳቸው ሳቁ።

አርባ ሰባቱም ቆርቆሮ ተከፈተ፤ የተሰነጠቀው አንዱ ለስፖርት መምህሩ ተተወ። ልጆቹ ሳህን ስላልበቃቸው ቢጫ ቅጾቹን አንጥፈው በሉ፤ ርእሰ መምህርቷም ከሁለት ቀን በኋላ አርባ ሁለት የባቄላ መረቅ የነካቸው ቅጾች ተረክበው፣ ሣጥኖቹ ባዶ አለመሆናቸውን ብቻ አይተው «ዓላማው ተሳክቷል» ብለው ፈረሙባቸው። ከዚያ ሁሉ ስለት መካከል የተቆረጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም የመጨረሻውን ቆርቆሮ እኔ ልክፈት ያሉት ምክትል ናቸው። ልጃቸው አውራ ጣታቸውን በመሐረቧ አስራላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ከአንድ ቆርቆሮ አብራቸው በላች፤ ጓደኞቿም መጥተው በዙሪያዋ ተቀመጡ፤ ወሬያቸውንም አልቀየሩም።

ተራራ የናዱ፣ ባሕር የተሻገሩ ምስጋናቸው በሌላ መጽሐፍ ይጻፍ። ይህ ጸሐፊ ግን በተራቡ አርባ ሁለት ልጆች ፊት ቆሞ ጥፋቱን የተናገረ፣ አልተሰማም ሲባልም ጮክ ብሎ የደገመ ሌላ ምክትል አላየም፤ አለ ሲባልም አልሰማም። ዘመናቸው ይርዘም፣ ሥልጣናቸው ይጽና፣ አውራ ጣታቸውም ፈጥኖ ይዳን።