ወይዘሮ ይመኙሽ የመታጠቢያ ገንዳ ያስገቡበት ክረምት ዜና

ክረምትን በጊዜው አውርዶ በጋን የሚያስከትል፣ የነገሥታትን ዘመንና የጣራን ዕድሜ በእኩል የሚሰፍር አምላክ ረዳት ይሁነንና፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ እመ ነግድ፣ ማለት የእንግዳ እናት፣ ደግሞም ዐቃቢተ መራኁት፣ ማለት የቁልፎች ጠባቂ የተባሉት ወይዘሮ ይመኙሽ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የቁልፉን ዘለላ በመቀነታቸው አስረው በጎንደር ከተማ፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ በሚገኘው የአልጋና የቁርስ ቤታቸው ላይ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት የሆነውን እንጽፋለን፤ ከሠሩት ሳንጨምር፣ ካፈሰሱትም ውኃ ሳናጎድል።

የግዛታቸውም ወሰን ይህ ነበረ፤ በምሥራቅ የባሕር ዛፍ አጥር፣ በምዕራብ የወጥ ቤቱ ጭስ፣ በሰሜን የጎረቤት ውሻ፣ በደቡብ «ፔንሲዮን ይመኙሽ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት በር። በዚህ ወሰን ውስጥ ከጣራው ፍሳሽ በቀር የማይታዘዝላቸው አልነበረም። የባለቤታቸውን ርስት አማቾቻቸው በመካነ ብርሃን ስለ ተካፈሉት፣ ከዚህች ቤት ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ ቤቲቱ ከተዘጋች የዘመድ ጥገኛ መሆናቸው ነው፤ ይህንንም እርሳቸው ከሞት ለይተው አያዩትም ነበር።

ወእምዝ፣ ማለት ከዚህም በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡት ፈረንጆች ጭቃውን ፈርተው በቀሩበት፣ አልጋዎቹም ባዷቸውን በተነጠፉበት ወራት፣ ከከተማው ሹማምንት ዘንድ አዋጅ ወጣ፤ ቃሉም እንዲህ የሚል ነበረ፤ «እንግዳ የምታሳድር ሁሉ ስማ! ውኃ በቧንቧ የሚወርድበት፣ ሰውም ተቀምጦ የሚታጠብበት ገንዳ ያለው ባኞ ቤት ያላቆመ፣ የዓመቱ ማብቂያ ጳጉሜን አምስት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰሌዳው ይወርዳል፤ አልጋው ላይም ራሱ ይተኛበት!» እስከዚያ ዘመን ድረስ በወይዘሮ ይመኙሽ ቤት እንግዳው የሚታጠበው በሳፋ ውስጥ ቆሞ፣ ከላይ በጆግ እየተንቆረቆረለት፣ እንደ ሽመላ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን እየተከለ ነበረና፣ አዋጁ በቀጥታ በእርሳቸው ላይ የዘመተ ሆነ።

እርሳቸውም ይህን በሰሙ ጊዜ አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አደግድገው በግቢያቸው መካከል ቆሙና የክተት አዋጅ አስነገሩ፤ «አካፋ ያለህ በአካፋህ፣ መዶሻ ያለህ በመዶሻህ ተከተለኝ! ምንም የሌለህ ጭቃ ተሸከም! ሲሠራ ሊያይ ብቻ የሚመጣ ግን፣ እመ ብርሃንን፣ ቁርስ የለውም!»

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው። ሊቀ ግንበኞች አያ ክንዱ፣ ግድግዳን በአንድ ዓይኑ ለክቶ በክርኑ የሚያቃና፣ ጣልያን ሲሠራ ያየውን የሚያውቅ፣ ያላየውንም በድፍረት የሚሠራ። የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ነጋዴ ሸሪፍ፣ የቧንቧና የማቶኔላ ጌታ፣ ሌላው በበቅሎ የሚፈራውን ቁልቁለት በካሚዮን የሚወርድ። ከእነዚህም በኋላ የሰፈሩ ጎበዛዝት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከፊሉ በጉልበቱ፣ ከፊሉ በምክሩ የሚዋጋ፤ ምክር የያዘው ክፍል ይበዛ ነበር።

አያ ክንዱም አሮጌውን ዕቃ ቤት አፍርሶ ባኞ ቤት አደረገው፤ ወለሉንም በማቶኔላ ሲያለብሰው ቁልቁለቱን ወደ ፍሳሹ ሳይሆን ወደ ወይዘሮዋ መኝታ ስለ አዞረው፣ «ምነው አያ፣ ውኃው ከእኔ ጋር ሊያድር ነው?» የሚል ቁጣ ታወጀበትና ወለሉን ሁሉ ነቅሎ እንደ ገና ሸጋ አድርጎ ሠራው። ክረምቱም በበኩሉ ሲሚንቶውን ማረከ፤ እርጥበቱ እየገባ ከረጢቱን ሁሉ ድንጋይ አደረገና ከአንዲት ከረጢት በቀር የተረፈ አልነበረም። ያችም አንዲት ከረጢት ለገንዳው መሠረት ተጠበቀች።

ስለ ገንዳውም ነገር እንናገር። በጠዳ አንድ የጣልያን ሹም ሲሸሽ የተወው፣ ውስጡ እንደ ወተት የነጣ፣ እግሩ እንደ አንበሳ መዳፍ የተቀረጸ፣ ሁለንተናው ብረት የሆነ ገንዳ ነበረ፤ ከጦርነቱም ወዲህ በቅሎዎች ይጠጡበት ነበር። ወይዘሮ ይመኙሽ ይህን ሰምተው በቅሎዎቹን በመልካም ቃል፣ የበቅሎዎቹን ጌታ በአንዲት ጊደር አስለቅቀው ገንዳውን ወሰዱ። ነገር ግን መንገዱ ሳይደርቅ ስለ ቀረ፣ ሸሪፍ ገንዳውን መጫን የቻለው በዚያችው በመጨረሻዋ ቀን፣ በጳጉሜን አምስት ሆነ።

ወበይእቲ ዕለት፣ ማለት በዚያች ቀን፣ አያ ክንዱ ካሚዮኑ አዘዞን ማለፉን በሰማ ጊዜ የመጨረሻዋን ከረጢት አቡክቶ መሠረቱን አፈሰሰ፤ ገንዳው ሲሚንቶው ሳይደርቅ በላዩ ሊቆም ይገባ ነበርና። ካሚዮኑ ግን በቀሐ ድልድይ አጠገብ እስከ ጎማው እምብርት ሰመጠ። ሸሪፍም በጭቃው ውስጥ ቆሞ አወጀ፤ «ጎበዝ! ማኪናው ታሟል፤ ገንዳው ግን ጤነኛ ነው! አጣና አምጡ፣ በቃሬዛ እናውጣው!» ጎበዛዝቱም ረጃጅም አጣና አጋድመው ገንዳውን ደፍተው አሰሩት። በዚያን ጊዜ በረዶ መጣል ጀመረ፤ ነጩ ቀለም በመንገድ እንዳይፈነጣጠር ወይዘሮዋ የላኩት አዲስ ጋቢ ተገለጠና ከዳር እስከ ዳር አለበሱት፤ ሸሪፍም ጥቁር ጃንጥላውን በላዩ ዘርግቶ አሰረና ማኪናውን ሊጠብቅ ቀረ። ጎበዛዝቱም በትከሻቸው አንሥተው፣ ከክብደቱ የተነሣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በጸጥታ ዳገቱን ያዙ።

አንባቢ ሆይ፣ የአገራችንን ሥርዓት አስብ። ሬሳ ሲያልፍ ያየ ሰው የሚሄድበትን ትቶ፣ ማን ሞተ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ጥቂት ይሸኛል፤ የማይሸኝ ሰው ነገ የሚሸኘው አያገኝም። ስለዚህ የገበያው ሰዎች በነጭ ጋቢ የተሸፈነውን፣ በጃንጥላ የተጋረደውን፣ ክርስቲያንና እስላም በአንድነት የተሸከመውን ባዩ ጊዜ፣ ሁለቱም ወገን የሚወደው አንድ ታላቅ ሰው አረፈ ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ተከተሉ። ሻጭ ሚዛኑን፣ ገዢ እህሉን ተወ። አልቃሽዋ ባንቺአየሁ፣ ድምፅዋ እስከ አንገረብ ማዶ የሚሰማ፣ ሟቹን ስለማታውቀው ከተሸካሚዎቹ ትከሻ አይታ ሙሾ አወረደች፤

ጎበዝ ተሸክሞት ትከሻው ደቀቀ፣
ከእንግዲህ ባገሩ ከባድ ሰው አለቀ።

ሕዝቡም ደረቱን መታ። ተሸካሚዎቹ ደግሞ ከኋላቸው ለቅሶ በሰሙ ጊዜ፣ ራሳቸውን ማዞር ያልቻሉ ናቸውና፣ ከኋላችን ሬሳ እየመጣ ነው ብለው አሰቡ። ከለቅሶ ፊት ተገንጥሎ ገንዳ ይዞ ወደ ሥራ መግባት ትልቅ ነውር መስሎ ታያቸውና፣ ጥቂት ሸኝተን እንመለሳለን ብለው፣ በወይዘሮ ይመኙሽ በር ሲደርሱ ሳይገቡ አለፉ፤ እንባም አፈሰሱ። እንዲህም ሆነ፤ ሕዝቡ ገንዳውን ሸኘ፣ ገንዳውም ሕዝቡን መራ፣ ማንም ማንን እንደሚቀብር ሳያውቅ ሁሉም ወደ ደብሩ ወጣ።

ወይዘሮ ይመኙሽም በበራቸው ቆመው ገንዳቸውን ሲጠባበቁ ለቅሶውን ሰሙ። አያ ክንዱ ከባኞ ቤቱ ጣቱን በሲሚንቶው ላይ አድርጎ፣ «እመቤቴ! ውጭው መያዝ ጀምሯል! እያርከፈከፍኩ ነው፤ ብዙ አልገፋም!» እያለ ያውጅ ነበረ። እርሳቸው ግን ጎረቤት ሲያለቅስ ቤት መቀመጥን ከቶ ያልለመዱ ነበሩና፣ የራሳቸውን መከራ ለጊዜው ትተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከሕዝቡ ኋላ ገቡ፤ በራሳቸውም ገንዳ ላይ መሪር ልቅሶ አለቀሱ።

ወደ ደብሩ ቅጥር በደረሱ ጊዜ መምሬ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው በበሩ ቆመው ነበር። ፍትሐቱን ለመጀመርም በታላቅ ድምፅ፣ «የሟች የክርስትና ስም ማን ይባላል? ቤተ ዘመድ ይናገር!» ብለው አወጁ።  ሰዉ ሁሉ ቤተ ዘመዱ ሌላው መስሎት ነበርና ሁሉም ጎረቤቱን ተመለከተ፤ ተሸካሚዎቹም ሬሳውን ፍለጋ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ሕዝቡም ተሸካሚዎቹን ተመለከተ። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ይመኙሽ ቀና ብለው ከቃሬዛው ላይ የራሳቸውን ጋቢ አዩ፤ ከጋቢውም ጫፍ ብቅ ያለውን የአንበሳ እግር።

በዚህች ሰዓት የወይዘሮዋ ጥበብ ተገለጠ። ነገሩ በዚያ ቢጋለጥ ሕዝቡ ከእፍረቱ የተነሣ እንደሚበተን፣ ተሸካሚዎቹም ገንዳውን በጭቃው ላይ ጥለው እንደሚሸሹ፣ ሲሚንቶው ደርቆ፣ ፀሐይ ጠልቃ፣ ሰሌዳው እንደሚወርድ በልባቸው አዩ። በመቅደስ በር ሐሰት መናገርንም ፈሩ። ስለዚህ ከሐሰት ነጻ የሆነች አንዲት አዋጅ አወጡ፤ «አባቴ፣ የእኔ ነው! ከጠዳ መምጣቱ ነው፤ ከነእድፉ ነው ያመጡት! ምነው ሳይታጠብ? ሰው ምን ይለኛል? ወደ ቤቴ መልሱልኝና ታጥቦ ይታይ!»

መምሬ ወልደኢየሱስም ደንግጠው፣ «እውነትዋን ነው! ሳይታጠብ ማን አምጡ አላችሁ? ክርስቲያን አይደላችሁም ወይ? መልሱ፣ መልሱ!» ብለው አዘዙ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞረ። ቁልቁለቱ ረዳቸው፤ የሙሾው ዜማ ፈጠነ፤ ገንዳውም ከሄደበት በበለጠ ክብር፣ በካህን ተመርቶ፣ በበሩ ገባ።

አያ ክንዱ፣ «ቀስ! ወደ ግራ! የእግሩን ጣት እንዳትሰብሩት!» እያለ ተቀበላቸውና ገንዳውን ገልብጠው በእርጥቡ መሠረት ላይ አቆሙት፤ ሲሚንቶውም ለጥቂት ሳይደርቅ የአንበሳውን እግሮች ያዘ። ጋቢውም ተነሣ። ከሁሉ በፊት ባንቺአየሁ አወጀች፤ «ጉድ ነው! እኔ ባንቺአየሁ ደረቴን የደቃሁት ለበቅሎ ማጠጫ ነው? እንባዬን መልሱልኝ!» ከሕዝቡም መካከል የሳቀ ነበረ፤ የተቆጣው ግን ይበልጥ ነበር፤ ሟርት ነው ያለም አልታጣም፤ አንዳንዶቹ ገንዳውን አንሥተው ሊወረውሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ወይዘሮ ይመኙሽም በባኞ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበረ፤ «እንባ አይመለስም፣ ባንቺአየሁ። ወንድምሽ በጦርነቱ ጊዜ በአዲ አርቃይ በኩል ወድቆ ቀረ፤ ያጠበው የለም፣ የሸኘው የለም። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ማን ነው? የዛሬው ለቅሶ የእነዚያ ይሁን። እናንተ ግን ከለቅሶ ነው የተመለሳችሁት፤ ሳትታጠቡ ከቤቴ አትወጡም!»

ባንቺአየሁም ነጠላዋን አስተካክላ እጅዋን ወደ ገንዳው ዘረጋች። አያ ክንዱ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧውም በመጀመሪያ ሳለ፣ ቀጥሎ አጓራ፣ ቀጥሎ አንዲት ጉርጥ ወለደ፤ ከጉርጥዋም በኋላ በጣራው ላይ በቆመው በርሜል የተጠራቀመው ውኃ ጠርቶ ወረደ። ይህም ከትናንት በስቲያ በሩፋኤል ዕለት የዘነበው፣ ሕፃን ሽማግሌው ራቁቱን ወጥቶ ለበረከት የሚታጠብበት ዝናብ መሆኑን መምሬ ወልደኢየሱስ በገለጡ ጊዜ፣ ቁጣው ሁሉ ግፊያ ሆነ፤ «እኔ ልቅደም! አያ፣ ገፋ በል! አንተ ገና ትናንት ታጥበሃል!» የሚሉ አዋጆች በዙ።

በዚያን ጊዜ የከተማው ሹማምንት መርማሪ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰሌዳውን ሊያወርዱ መሰላል አሸክመው ደረሱ። ግቢው ነጠላውን ባዘቀዘቀ ሕዝብ ተሞልቶ ባዩ ጊዜ፣ እርሳቸውም የአገሩ ልጅ ነበሩና፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወይዘሮዋን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ፣ ከሰልፉም ኋላ ቆሙ፤ ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ማን እንደ ሞተ የጠየቁት ከታጠቡ በኋላ ነበር። የሆነውን ሁሉ በነገሯቸው ጊዜም እጃቸውን ተመለከቱ፤ ከጣታቸው ገና ይንጠባጠብ ነበርና ውኃ የለም ለማለት አልተቻላቸውም። ፀሐይም ወደ ደንቢያ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፤ «ሕጉ አንድ እንግዳ ይታጠብ አለ፤ በዚህ ቤት ግን ግማሽ ጎንደር ታጠበ፤ እኔም ታጠብኩ። ሰሌዳው ባለበት ይቀመጥ! መሰላሉን መልሱ!»

ወይዘሮ ይመኙሽም የዘመድ ጥገኛ ሳይሆኑ ዓመቱን ፈጸሙ፤ አልጋዎቻቸውም በመስከረም እንግዳ ተቀበሉ። እነሆ፣ ለእመ ነግድ ምስጋና ይገባል፤ የበቅሎን መጠጫ የሰው ማረፊያ ላደረጉ፣ ከመቃብር አፋፍ ገንዳቸውን ለመለሱ፣ ለራሳቸው ንብረት አልቅሰው ለሕዝቡ እንባ ቦታ ላገኙ። በዚህች ከተማ የነገሡ ታላላቆች ዝናብ እንዳይገባባቸው ግንብ አቆሙ፣ ብዙውም ዛሬ ያፈስሳል። እርሳቸው ግን ዝናቡን ራሱን በቧንቧ መርተው፣ ስፍራውን አሳይተው፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ወደ ቤታቸው አስገቡት።