የአባቴ ትልቅ ሽጉጥ

ሽጉጥ መምረጥ ጫማ እንደ መምረጥ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ቁጥርህን ትናገራለህ፣ ያመጡልሃል፣ በቃ። የሽጉጥ ቁጥር ግን ሌላ ጉድ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለው ሱቃችን ተዘረፈ። ሁለት ልጆች ዳቦ እንደሚገዛ ሰው ቀርበው በፍርግርጉ መሀል ሽጉጥ አስገቡ። አባቴ ያለውን ሰጥቶ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ "ሳውቦና" ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም የሚለው ሁሉ ያስደነግጠዋል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ አባቴ ሥልጠና ወሰደ፣ የብቃት ወረቀቱም መጣለት። የቀረው ካሊበር፣ ማለትም የጥይቱን ውፍረት ቁጥር፣ መምረጥ ብቻ ነው ተባለ።

ብቻ? እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎች ሱቃችን ፊት ተሰበሰቡ። የማዶው ሱቅ ባለቤት ጋሽ ኤርጃቦ፣ አርባ አራት ማግነም የሚሉት ትልቁ ሽጉጥ ካልሆነ ይቅርብህ አለ፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ሌላው አርባ አምስት ይሻላል፣ ሲተኮስ ብዙም አይራገጥም አለ። ሁለቱም ተኩሰው አያውቁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ያልኩት በሆዴ ነው፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። አባቴ ግራ ሲገባው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምትሠራውን ዶክተር ሰላማዊትን ጠየቃት።

"የተመቱት እኔ ጋ ሲመጡ የጥይቱን ቁጥር አይናገሩም" አለችው።

ጋሽ ኤርጃቦ ግን እንደገና "ማግነም!" ብሎ ጀመረ። አማርኛ የማይሰሙት ደንበኞች እንኳ ይህቺን ቃል ሰሟት።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ሄድን፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ነጩ አሠልጣኝ አርባ አራት የሚባለው ሲለካ አርባ ሦስትም አይሞላም አለ። ተረጎምኩ። አባቴ፣ ታዲያ ለምን አርባ አራት አሉት ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔ በምን ልወቅ?

አሠልጣኙ ሽጉጡን ሲሰጠው አባቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዒላማውን አየ። ከዚያ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ዓይኑን ጨፈነ።

አሠልጣኙ ታመመ ወይ አለኝ። እየጸለየ ነው አልኩት። አባቴ ሳይጸልይ መኪና አያስነሳም፣ ሱቅ አይከፍትም። ጸሎቱ ደግሞ አጭር አይደለም። አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ ያሉትን ዘመዶች በየስማቸው ጠራ። የታመሙትን አሰበ። በመጨረሻ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ዒላማው ላይ ለተሳለው የወረቀት ሰውዬም ጸለየለት።

አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ፣ "ሌባው አሜን እስኪባል ይጠብቃል?" አለኝ።

እየፈራሁ ተረጎምኩ። አባቴ ከተዘረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "እንጸልይበታለን በይው" አለኝ። እኛ ዘንድ ይህ በጨዋ ቋንቋ አይሆንም ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነጩ ግን ሰኞ እንመለሳለን ያልን መስሎት ቀጠሮ ጠየቀኝ።

አልገዛንም። ያቺን ቃል የሰሙት ደንበኞች ግን የገዛ መስሏቸው አሁን አባቴን "ማግነም" ይሉታል። "ሳውቦና ማግነም" ብለው ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ እጃቸውን በፍርግርጉ ሲያስገቡ እንኳ ቀስ ብለው ነው። ታዲያ የሚጠብቀን ስንት ካሊበር ነው ልበል? እኔ እንጃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አሁንም ደጁን አያለሁ።

ትናንት ጋሽ ኤርጃቦ መጥቶ፣ ሰፈሩ አላማረኝም፣ ያንን ማግነም ለአንድ ሌሊት አውሰኝ አለ። አባቴ ትንሽ አሰበና እጸልይበታለሁ አለው።

ጋሽ ኤርጃቦ የቃሉን ትርጉም አሳምሮ ያውቃል። ተቀይሞ ሄደ። ሽጉጥ የለኝም ቢለው ደግሞ ማን ያምነዋል?