በሰው ቡና ውስጥ ያሰርኩት ቀይ ፌስታል

ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግድ የለም፣ ዛሬ ጠዋት የነገርኳቸው ሰዎችም አላመኑኝም።

ሄልሜቴን እንዳጠለቅኩ ጭቃ ላይ ተቀምጬ «ማን ላከህ?» እየተባልኩ ነው ያረፈድኩት። እኔ! ሃምሳን ለመድፈን የተቃረብኩ፣ መጽሐፍ ከእጄ የማይለይ፣ በሚዛን ተፈሪ መንገድ ላይ «ጋሼ» ተብሎ ሰላም የሚባል ሰው!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ትጠይቁኛላችሁ፤ በአካባቢያችን ለማውንቴን ባይክ የሚሆን ጥሩ ቦታ የት ነው እያላችሁ። መልሼላችኋለሁ። ወደ ሸዋ ቤንች የሚወስደው መንገድ አቧራውንና አይሱዙውን ለሚችል ጀማሪ ደህና ነው ብያለሁ። ከሸኮ ወደ ቴፒ ያለው ቁልቁለት ፍሬን ላለው ሰው ገነት ነው፤ ፍሬን የሌለውም ገነት መድረሱ አይቀርም ብያለሁ።

አልዋሸሁም። ግን ከልቤ የምወደውን ቦታ ደብቄያችኋለሁ።

ለምን እነግራችኋለሁ? ጥሩ ቦታ ከተወራለት በኋላ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰልፊ ይመጣል። ቀጥሎ ስፒከር ይመጣል። ከዚያ «ሪዞርት በቅርብ ቀን» የሚል ታፔላ ይተከላል።

ቦታው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለውን ቡና እየሰነጠቀ እስከ ጋራው ጫፍ የሚወጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። ወደ ገበያ የሚመላለስ ሰው እግር ያለሰለሰው መንገድ ነው። መሬቱ የቅጠል ብስባሽ ስለሆነ ጎማ ድምፅ አያሰማም። ወደ ላይ ነፍስ እስክትወጣ ትገፋላችሁ። ወደ ታች ስትለቁት ግን፣ ወገኖቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለብቻዬ ጮክ ብዬ የምስቅበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው።

አንድ ችግር ነበረው። እጠፋለሁ።

ቡና ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ሁሉም ግንድ አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ትንሽ እንደሄደ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ምንጭ፣ አንዱ ወደ ሰው ቤት፣ አንዱ ቀፎ ወደተሰቀለበት ዛፍ። ደህና ዝናብ ከጣለ ደግሞ አረሙ ሁሉንም ይዘጋዋል። አንድ ቀን ቁልቁል ስበር የወጣሁት የማላውቀው ሰው ለቅሶ ድንኳን ፊት ነው። ሄልሜቴን አውልቄ ገብቼ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲያ ብልሃት ዘየድኩ። ቀይ ፌስታል በቀጫጭኑ ቀድጄ መንገዱ በሚከፈልበት ሁሉ ቅርንጫፍ ላይ አሰርኩ። ሠራ! አንድ ቅዳሜ እንደ ንጉሥ ወጥቼ እንደ ንጉሥ ወረድኩ።

በሳምንቱ ስሄድ አንድም የለም።

እንደገና አሰርኩ። እንደገና ጠፋ። ነፋስ እንዳልል ቋጠሮው ራሱ የለም። ፍየል እንዳልል ፍየል በስለት አይቆርጥም።

እዚህ ላይ ነው የማገናዘብ ችሎታዬ ጉድ የሠራኝ።

ግርማን ጠረጠርኩ። ለማታውቁት፣ ግርማ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው፤ የቆየ ወዳጄም ነው። በከተማችን ለደስታ ብለን ብስክሌት የምንነዳ አዋቂዎች እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ሌላው ሕዝብ ጤነኛ ነው። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ሾክ አብዞርበር ያለው፣ ጊሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ብስክሌት አስመጣ። የኔን ብስክሌት ብታዩት ከተማሪዎቹ በዕድሜ ይበልጣል።

አንድ ቀን ፈገግ ብሎ «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሰወረው?» አለኝ። ፈገግታው አልጣመኝም።

ቆየት ብሎ በመንገዴ ላይ አዲስ የጎማ አሻራ አየሁ። ጥርሱ የሚቆጠር አሻራ። የኔ ጎማ እንደሆነ ከተላጨ ቆይቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? መንገዴን አገኘ፣ ለብቻው ሊያደርገው ምልክቴን ይቆርጣል። አለቀ!

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ። «በከተማችን ጊር የበዛለት፣ ወዳጅነት ያነሰው አንድ ሰው አለ» ብዬ የጀመርኩትን። ስም አልጠራሁም፤ ጨዋ ነኝ። ኮመንት ላይ ስሙን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ግርማ ምን አለ? ምንም። ላይክ አደረገ።

ላይክ! ሲሰደብ ላይክ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አውራ ጣት ስመረምር ከረምኩ። ይቅርታ ነው? ንቀት ነው? ዛቻ ነው? እንቅልፍ የለም!

ትናንት ከሰዓት ወጥቼ አዲስ ፌስታል አሰርኩ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ብስክሌቴን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝቼ፣ እኔ ኮረሪማው መሃል ተጋድሜ፣ የስልኬን ካሜራ ደግኜ ግርማን መጠበቅ ጀመርኩ። እጅ ከፍንጅ ይዤው፣ ቪዲዮውን እዚህ ለጥፌ፣ እናንተ ደግሞ እያጨበጨባችሁ፤ ይህን ሁሉ አስቤያለሁ። ጉንዳን በሱሪዬ ውስጥ ሲወጣ ለእውነት ስል ታገስኩ።

ኮቴ ሰማሁ።

የመጣው ግርማ አይደለም። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ጀርባቸው ላይ ቅርጫት ያዘሉ፣ ገጀራ የያዙ ሴት ናቸው። ፌስታሌ አጠገብ ቆሙ። ቆረጡት። ቋጠሮውን ፈቱት፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሥራዬ ብለው፣ አረም እንደሚያርም ሰው።

ብድግ አልኩ።

አስቡት እስቲ። ከኮረሪማ ውስጥ ሄልሜት ያጠለቀ ወንድ ስልክ ደግኖ ብድግ ሲል! ሌላ ሰው ቢሆን ይጮሃል። እሳቸው ገጀራውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ታች በቤንችኛ አንድ ጊዜ ተጣሩ። ወዲያው ጎረቤቶቻቸው ከቡናው መሃል እየተሽሎከለኩ ደረሱ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቦታው ጭቃ ነበር።

ሴትየዋ ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። እኔ «ጫካ» እያልኩ የምበርበት ቦታ የሳቸው ማሳ ነው። አጥር ስለሌለው ጌታ የሌለው መስሎኝ ነበር። ከባለቤታቸው አባት የወረደ ቡና ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በሱ ነው።

ነገሩን በአጭር በአጭሩ አስረዱኝ። ከማሳቸው ማዶ ባለው ጋራ ላይ መጀመሪያ አንድ የማይናገር ሰው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየ። ቀጥሎ ዛፍና ችካል ላይ ቀይ ታሰረ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ከስብሰባው በኋላ ዶዘር መጣ። አሁን አጥርና ዘበኛ አለው፤ የቡናው ባለቤቶች እዚያው ለኢንቨስተሩ በቀን ሥራ ይለቅማሉ።

ስለዚህ እሳቸው ቡና ላይ ቀይ ሲታይ ቆረጡ። በሳምንቱ ተመልሶ ሲታይ ደግመው ቆረጡ። ማን እንደሚያስረው ግን አልታወቀም። እኔ በአንዲት ላይክ እንቅልፍ አጣሁ ስል፣ እሳቸው መሬቴ ሊሄድ ነው ብለው ሲነጋ ሲነጋ ማሳቸውን ይዞራሉ።

ለብስክሌት ነው አልኳቸው። ተያዩ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ላይ ማን ይጠብቅሃል?»

«ማንም።»

«ምን ይዘህ ትወርዳለህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትወጣለህ?»

አሰብኩ። እውነቱን መናገር ይሻላል አልኩ።

«ለመውረድ» አልኩ።

እኔ ራሴ በጆሮዬ ስሰማው አላመንኩትም። ስፖርት ነው ብዬ ላሻሽለው ሞከርኩ። አንዱ ሽማግሌ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ሚስቴ ይህን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ቀበሌ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያኔ አንደኛው ጎልማሳ፣ ባለ ብስክሌቱን መምህር ታውቀዋለህ ወይ አለኝ።

አዎ አልኩ።

ግርማ ለካ እዚህ ያልፋል! ግን መጀመሪያ በእግሩ መጥቶ፣ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያስተምር ተናግሮ፣ በየት በኩል ብነዳ ይሻላል ብሎ ጠይቆ ነው። ከከተማም የሽማግሌውን መድኃኒት ያመጣላቸዋል። የጎማው አሻራ የሱ ነው። መንገዱ ለሱ የተፈቀደ፣ ለኔ የተሰረቀ ነበር።

ደወሉለት፤ ስፒከር ላይ አደረጉት። ይሄ ሰውዬ ቀይ የሚያስር የኢንቨስተር ሰው ነው ወይ፣ ብስክሌት አለው፣ ታውቀዋለህ ወይ አሉት።

«አውቀዋለሁ» አለ ግርማ። ከዚያ ዝም አለ።

ፖስቴን በልቡ እያነበበው መሰለኝ። ጊር የበዛለት የምትለዋን አንቀጽ ሲደርስባት ታወቀኝ።

«የኢንቨስተር ሰው?» አለ በመጨረሻ። «እሱን የትኛው ኢንቨስተር ይቀጥረዋል?»

ስሰደብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወይዘሮ ዘነበች ፈረዱ። ያሰርከውን ሁሉ በእጅህ እየፈታህ እስከ ላይ ትወጣለህ፣ እኔ ከኋላህ ነኝ አሉኝ። ወጣሁ። መንገድ ላይ ባለ ቤት ሁሉ እያቆሙኝ ማን እንደሆንኩ እንድናገር አደረጉኝ። እኔ በአማርኛ አጭር እናገራለሁ፤ እሳቸው በቤንችኛ ረዘም አድርገው ያስተላልፉታል፤ ሰው ይስቃል። ያልተናገርኩት ብዙ ነገር እንደተጨመረበት እጠረጥራለሁ።

ግማሽ ላይ ግርማ እያለከለከ ደረሰብን። ፌስታሉ የኔ መሆኑን ያወቀው ፖስቴ ላይ ምልክቴን ቆረጠ ብዬ ስሰድበው ነው፤ ዛሬ ለሰዎቹ ሊነግራቸው እየመጣ ነበር። ሳምንት የበላኝን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

«ላይኩስ?»

«ስክሮል ሳደርግ እጄ ነክቶት ነው» አለኝ።

የመጨረሻውን ፌስታል የፈታሁት ጋራው ጫፍ አጠገብ ነው። ተመስገን ብዬ ቀና ስል ሌላ ቀይ ነገር ታየኝ። መንገዱ ከሚታጠፍበት አለፍ ብሎ መሬት ውስጥ የተመታ ችካል አለ። አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ጨርቅ ነው። ፌስታል አይደለም።

«ይሄስ?» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

«የኔ አይደለም።»

ጠዋቱን ሙሉ ያላመኑኝ ሰዎች ይህቺን ወዲያው አመኑኝ።

ማንም አልሳቀም። ግርማ ተንበርክኮ የችካሉን ዙሪያ ነካ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የኔን ፌስታል ሳይጠይቁ ሲቆርጡ የከረሙት ሴት ገጀራቸውን እንደያዙ ቆመው አዩት። አልነኩትም።

ትናንት እዚሁ አካባቢ ነበርኩ። አልነበረም? ወይስ አላየሁትም? ሰው በመጠርጠር የምኮራ ሰው፣ መጠርጠር የሚገባኝን በብስክሌት አልፌው ሄጄ ይሆናል።

የኔ ነው ብዬ ለመዋሸት አፌ ተከፍቶ ነበር። የኔ በሆነ! ነቅዬው፣ ተስቆብኝ፣ ተሰድቤ፣ በሰላም ቤቴ በገባሁ።

«መምህሩ ትጽፋለህ ይለኛል» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች። «ጻፍ እንግዲህ። የማን ነው ብለህ ጠይቅልኝ። የቦታውን ስም ግን አትጥራ።»

ይኸው ጻፍኩ። ስለ ግርማ የለጠፍኩትን አጥፍቻለሁ፤ እናንተም ኮመንታችሁን አጥፉ። ሰኞ ግርማና እኔ ከወይዘሮ ዘነበችና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቢሮ ለቢሮ ዞረን እንጠይቃለን።

እስከዚያ ድረስ፣ ይህን ከምታነቡት መካከል በሚዛን ዙሪያ ጋራ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርክ ወንድሜ ካለህ፣ እባክህ ኢንቦክስ አድርግልኝ። ለጨዋታ ነው በለኝ። እንዳልጠፋ ነው በለኝ። ሰው አምኜ ባላውቅም፣ አንተን አምንሃለሁ። ትለኛለህ?