ቅቤ የማያሳልፉት ወይዘሮ የትምወርቅ

በየመሥሪያ ቤቱ ከንጽሕና ጋር ቃል ኪዳን የገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰላም ስትሉት አስቀድሞ ጫማችሁን ያያል። ምሕረት ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ስትማር የገጠሟት ክብርት ወይዘሮ የትምወርቅ፣ የናሙና ክፍሉ ንግሥት፣ ግን ከሁሉም ይብሱ ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ምሕረትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ቁጣቸው ይናፍቃታል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሁምቦ ወረዳ የመጣ አፈር ይደርቃል፣ እንደ በርበሬ ይደቃል፣ ይነፋል፣ ከዚያ በመጭመቂያ ማሽን ተጠቅጥቆ ክኒን ይመስላል። ክኒኑ ባሕር ተሻግሮ ማስ ስፔክትሮሜትር ወደሚባል መሣሪያ ይሄዳል። የመሣሪያው የሌዘር ጨረር ነጥብ የምታክል ቦታ መትቶ ወደ ትነት ይለውጣል፤ መሣሪያው በትነቱ ውስጥ ያለውን ይለያል። ክኒኑን የነካ ጣት ካለ የሚለካው አፈሩ ሳይሆን ምሳችን ነው። ስለዚህ ወይዘሮ የትምወርቅ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው እጅ ያሸቱ ነበር። "ቅቤ!" ይላሉ። ጓንት አለኝ ያለ፣ "ጓንቱን በየትኛው እጅህ አጠለቅኸው?" ይባላል። አንድ ዶክተር እጁን በሎሚ አሽቶ ቢመጣ፣ "አሁን ደግሞ ቅቤና ሎሚ" ብለው መለሱት። ወላይታ ላይ ቅቤ ያልነካው እጅ መፈለግ እንግዲህ የሳቸው ጣጣ ነው።

የምሕረት ተራ የደረሰው በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ዕለት ነበር። ናሙናውን የሚወስደው መምህር በማግስቱ ይበራል፤ ካመለጣት የመሣሪያው ተራ ለሌላ ይሰጣል፣ መመረቋም ለከርሞ ይተላለፋል። እናቷ ግን በዓመት በዓል ደረቅ ራስ ይዘሽ አትወጪም ብለው ጸጉሯን በቅቤ አርሰውት ነበር። ፀሐዩ እያቀለጠው በግንባሯ ይወርዳል።

"ዮ ዮ ጊፋታ፣ እትዬ!" አለች ከሩቁ።

ማሽተት እንኳ አላስፈለጋቸውም። "እዚያው ቁሚ! ይሄ ላብራቶሪ እንጂ ሰርግ ቤት ነው? አፈርሽን አስቀምጪና ሂጂ፤ እናትሽ ይጠብቁሻል!"

በሩ ተዘጋ። ምሕረት በዓሉን ስታለቅስ ዋለች።

በማለዳ ስትመለስ ክኒኖቿ በሙሉ ተጠቅጥቀው፣ ተጠቅልለው፣ ተደርድረው አገኘቻቸው። ወይዘሮ የትምወርቅ ዓይናቸው ቀልቷል። ልጆቻቸው በዴሳ ከተማ ሥጋውን አቅርበው ሲጠብቋቸው ነበር የዋሉት።

"እትዬ፣ ለኔ ብለው ከበዓል ቀሩ?"

"ላንቺ ነው ማን አለሽ? ለአፈሩ ነው።"

ምሕረት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። በነጩ ጋዋናቸው ትከሻ ላይ የቅቤ ማኅተም ወጣ። ሴትዮዋ አዩት፤ ለቁጣ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ጭንቅላቷን መልሰው እዚያው ትከሻቸው ላይ አስደገፉት።