የገዳዩ ስም በመጀመሪያው ገጽ

(የማተሚያ ቤት መጠረዣ ክፍል። መጻሕፍት እስከ መስኮቱ ተከምረዋል። ጠራዡ ሙጫ ይቀባል። የእህቱ ባል፣ ደራሲው፣ አንድ መጽሐፍ ፊቱ ላይ ያወዛውዝበታል።)

ደራሲ፦ መቶ አርባ አምስት! የትኛው መጽሐፍ ነው ከገጽ መቶ አርባ አምስት የሚጀምረው?

ጠራዥ፦ ከአንድ ቢጀምርስ ምን ይጨምርልሃል? ቁጥር እንደሆነ ቁጥር ነው።

ደራሲ፦ ዋርሳዬ፣ እኔን ያቃጠለኝ ቁጥሩ አይደለም! የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች ፊት ላይ ሰፍተሃቸዋል። ገና ሽፋኑ ሲገለጥ «ገዳዩ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ ይሆናል» ይላል!

ጠራዥ፦ እና ውሸት ነው?

ደራሲ፦ እውነት ነው! ግን ምስጢር ነው!

ጠራዥ፦ ምስጢር ከሆነ ምን አስበህ ነው ሺህ ቅጂ ያሳተምከው?

ደራሲ፦ (ራሱን ይዞ) ሺውም እንዲህ ነው የተሰፋው?

ጠራዥ፦ አላዳላሁም። ሁሉንም እኩል ነው ያየኋቸው።

ደራሲ፦ ላንተ ማስረዳት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እስቲ ስማ። አንድ ቫምፓየር ተገድሎ ይገኛል። መርማሪው ፖሊስም ራሱ ቫምፓየር ነው፤ ደም መጣጭ። አንባቢው «ማን ገደለው?» እያለ ልቡ ተንጠልጥሎ...

ጠራዥ፦ እሱን ፖሊስ ልጠይቅህ ነበር። ፀሐይ ካገኘው አመድ ይሆናል አይደል?

ደራሲ፦ አዎ።

ጠራዥ፦ ቢሮ የሚከፈተው ጠዋት ነው። የሰዓት ፊርማ የሚፈርመው መቼ ነው?

ደራሲ፦ ቫምፓየር አይፈርምም!

ጠራዥ፦ ሦስት መቶ ዓመት ሳይፈርም ካላባረሩት፣ እላይ ዘመድ አለው ማለት ነው።

ደራሲ፦ ወይ ጣጣዬ! ሥራዬን የለቀቅኩት እኮ ለዚህ መጽሐፍ ነው! የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት ያንን ጉድ ጠዋት ወስዶ እያነበበው ነው። ካልወደድኩት አንዱንም መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጥም ብሎኛል። እህትህን በምን ዓይኔ ነው የማያት?

ጠራዥ፦ እሷ እንኳ ለምዳዋለች።

(የደራሲው ስልክ ይጮኻል።)

ደራሲ፦ እሱ ነው፤ አለቀልኝ! (ያነሳል) አቤት ጌታዬ... አዎ፣ ገጾቹ... በጣም ይቅርታ... እ? ከመቀመጫዎ አልተነሡም? (ቀና ይላል) መርማሪው በየምዕራፉ ሊላጭ እየሄደ አንገቱን ለፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ሲሰጥ... እርስዎ ገዳዩን እያወቁ እሱ አለማወቁ... ላብ አጠመቀዎት? (ደረቱን ነፍቶ) ሆን ብዬ ነዋ! ሦስት ዓመት የተጨነቅኩበት የአጻጻፍ ስልት ነው... ሺውንም ይወስዱታል? እንዳለ? እግዜር ይስጥልኝ!

(ስልኩን ይዘጋል። የኮቱን ኮሌታ ያስተካክላል።)

ደራሲ፦ አየህ? ተሰጥኦ ያለው ሰው የሌላውን ስህተት እንኳ ጥበብ ያደርገዋል። ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳትሳሳት።

ጠራዥ፦ መቼ ተሳሳትኩ?

ደራሲ፦ ምን አልክ?

ጠራዥ፦ ከሺው በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ በደንቡ ጠርዤ፣ ምሳዬን እየበላሁ አነበብኩት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ገዳዩን አወቅኩት። የእህቴ ባል ነህና አንጀቴን በላኸኝ። አንባቢዎቹ ማወቃቸው ካልቀረ እኛው ቀድመን እንንገራቸው፣ ቢያንስ ይፈራሉ ብዬ ነው ገጹን ያዛወርኩት።

ደራሲ፦ ገጽ ዘጠኝ? ውሸታም! ሦስት ዓመት የደበቅኩትን አንተ በምን ታውቀዋለህ?

ጠራዥ፦ (ሙጫውን እየከደነ) መጽሐፍህ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዱ መርማሪ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ካልጠረጠርኩ ማንን ልጠርጥር፣ ጨረቃዋን?